ሜኑው ረጅም፣ ድስቱ ጥቂት፦ ትንሽ የህንድ ምግብ ቤት ገብቶ በደንብ የመብላት ዘዴ

መጀመሪያ ጊዜ ርካሽ የህንድ ምግብ ቤት የገባሁት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ነው። ርቦናል። ስሙ ደስ ያለንን ሁሉ አዘዝን፤ ለሁለት ሰው አራት ሳህን። ምግቡ ሲመጣ አራቱም ብርቱካናማ ነው። ቀመስን። አንዱ ውስጥ ዶሮ አለ፣ አንዱ ውስጥ በግ፣ አንዱ ውስጥ አይብ፣ አንዱ ውስጥ አትክልት። መረቁ ግን ያው አንድ መረቅ ነው። ጓደኛዬ ሳህኖቹን ተራ በተራ አየና "አንዱን ነገር አራት ጊዜ ነው እንዴ ያዘዝነው?" አለኝ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። የእንዲህ ያለ ቤት ሜኑ ላይ መቶ ምናምን ስም ተደርድሯል። ማብሰያው ግን ሁለት ሰው እየተጋፋ የሚሠራበት ጠባብ ክፍል ነው። መቶ ዓይነት ምግብ እዚያ ውስጥ ለየብቻው አይሠራም። ስለዚህ ጠዋት በትልቅ ድስት ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቲማቲም ይቁላላል፤ ቅመም ገብቶበት ይፈጫል፤ ይቀመጣል። ትእዛዝ ሲመጣ ከዚያ ቁሌት በጭልፋ ይቀዳና መጥበሻ ላይ ይገባል። ክሬም ሲጨመርበት አንድ ስም ያገኛል፣ ስፒናች ሲጨመርበት ሌላ፣ ቃሪያ ሲበዛበት ደግሞ ሦስተኛ። ማጭበርበር እንዳይመስላችሁ። ትኩስ ምግብ በአሥር ደቂቃ፣ ያውም በርካሽ የሚቀርብላችሁ በዚህ ዘዴ ነው። የእናንተ ሥራ ከመቶው ስም መሀል ቤቱ ከልቡ የሚሠራቸውን አራት አምስት ነገሮች ማግኘት ነው። እንዴት እንደሚገኙ ልንገራችሁ።

1. መጀመሪያ የሰው ሳህን እዩ

ግድግዳውን ተዉት። የላስቲክ ጠረጴዛ ልብስ፣ ማንም የማያየው ቴሌቪዥን፣ እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ወንበሮች... እነዚህ ስለ ምግቡ ምንም አይነግሯችሁም። የሚነግራችሁ ሰዎቹ ፊት ያለው ሳህን ነው። በመስታወቱ አሻግራችሁ ተመልከቱ። ከአምስት ጠረጴዛ ሦስቱ ላይ አንድ ዓይነት ምግብ ካለ ግማሹን ሥራ ጨርሳችኋል፤ እሱን እዘዙ። ብቻውን ተቀምጦ፣ ሜኑ ሳይጠይቅ ምግብ የሚመጣለት ሰው ካያችሁ ደግሞ ደንበኛ ነው። ሳህኑን ሰረቅ አድርጋችሁ እዩለት።

ሲገቡ የሚሸተውም ይናገራል። ከሙን ወይም ነጭ ሽንኩርት በትኩስ ቅቤ ሲጠበስ ከሸተታችሁ ቁጭ በሉ። የከረመ ዘይት ከሸተታችሁ "ይቅርታ፣ ሰው ፈልገን ነው" ብላችሁ ውጡ። እኔ ብዙ ጊዜ ብያለሁ።

2. ሼፉ ከየት እንደመጣ ጠይቁ

ከዚህ ሁሉ መመሪያ አንዱን ብቻ ያዙ ብትሉኝ ይሄን ነው የምሰጣችሁ። ህንድ ሰፊ ናት። ሰሜኑ የስንዴ ቂጣ፣ የሸክላ ምድጃ፣ የክሬምና የቅቤ አገር ነው። ደቡቡ ደግሞ የሩዝ፣ የኮኮናት፣ ተቦክቶ ያደረ ሊጥና ሮቃ የሚባለው ጎምዛዛ ፍሬ አገር ነው። ምዕራብ ጉጅራት ሥጋ የሌለበት፣ ጣፈጥ የሚል ምግብ ይወዳል። ምሥራቅ ቤንጋል ዓሣና የሰናፍጭ ዘይት ይወዳል። ትንሹ ምግብ ቤት ግን ሁሉንም ሜኑ ላይ ይጽፋል፤ ምክንያቱም ደንበኛው ሁሉንም ይጠይቃል።

የቤቱ ስም አንዳንዴ ፍንጭ ይሰጣል። "ዳባ" ወይም "ፑንጃቢ" የሚል ካለበት ሰሜን ነው። ዳባ ማለት መንገድ ዳር ያለ፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚበሉበት ቤት ነው። እዚያ ምስር፣ ቦሎቄ፣ ሽምብራና ከምድጃ የወጣ ቂጣ ብሉ። "ኡዱፒ" የሚል ካያችሁ በካርናታካ ግዛት ያለ ከተማ ስም ነው፤ ሥጋ አይገባበትም፤ ዶሳ የሚባለው ስስ ቂጣና ኢድሊ የሚባለው በእንፋሎት የበሰለ ትንሽ ዳቦ ነው ሥራው። "ሃይደራባዲ" ካለ ቢርያኒ የሚባለውን ሩዝ በሥጋ እዘዙ፣ ሌላውን እርሱት።

ስሙ የማይረዳበት ጊዜም አለ። ለምሳሌ በብሪታንያ "የህንድ" ተብለው የተከፈቱት ምግብ ቤቶች አብዛኞቹ ባለቤቶቻቸው ከባንግላዴሽ፣ በተለይ ከሲልሄት አካባቢ የመጡ ናቸው። ችክን ቲካ ማሳላ፣ ማለትም ክሬም ባለው መረቅ ውስጥ የሚገባው ጥብስ ዶሮ፣ የገነነው በእነሱ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የአገሪቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሮቢን ኩክ እውነተኛ የብሪታንያ ብሔራዊ ምግብ ብለውታል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቤት ገብታችሁ "ይሄ ህንድ ውስጥ እንደዚህ አይሠራም" ብሎ መከራከር ጥቅም የለውም። እነሱ የሚያውቁትን ብሉ።

ስለዚህ ጠይቁ። አስተናጋጁን "ሼፉ ከየት ነው?" በሉት። አንድ ጊዜ ሜኑው ከላይ እስከ ታች የሰሜን ምግብ በሆነበት ቤት ጠየቅሁ። "ከኬራላ" አለኝ። ኬራላ ደቡብ ጫፍ፣ ባሕር ዳርቻ ነው። ታዲያ ሜኑው ላይ ለምን የለም አልኩት። ሳቀና ገባ። ከሩብ ሰዓት በኋላ በኮኮናት ወተት የተሠራ ዓሣ ይዞ መጣ። ቢጫ ነው፤ ላዩ ላይ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠሎች ይንሳፈፋሉ። ለራሳቸው ምሳ የሠሩት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅ አዝዤ አላውቅም።

የሰሜን ቤት ከሆነ አስተናጋጁን "ባያ"፣ የታሚል ቤት ከሆነ "አና" ብትሉት ደስ ይለዋል። ሁለቱም ወንድም ማለት ነው፤ ሁለተኛው ታላቅ ወንድም። ግዴታ አይደለም፤ ግን ጥያቄያችሁ ሰፋ ያለ መልስ ያገኛል።

3. ሰዓት ምረጡ

ምሳ ከእራት ይሻላል። ድስቱ አዲስ ነው፣ ሰዉ ብዙ ነው፣ ምግቡ አይቆይም። ዋጋውም ብዙ ጊዜ በምሳ ይቀንሳል። ቡፌ ካለ በተከፈተ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ግቡ። መረቁ ላይ ቆዳ የያዘ ቡፌ ቅናሽ ቢኖረውም ይቅርባችሁ።

ከምሳ በኋላና ከእራት በፊት ያለውን ባዶ ሰዓት ተጠንቀቁ። ታንዱር የሚባለው የሸክላ ምድጃ ውስጡ ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊግል ይችላል። ናን የሚባለው ቂጣ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ በአንድ ሁለት ደቂቃ የሚበስለው ለዚህ ነው። ግን እስኪግል ጊዜ ይወስዳል። ሰው በሌለበት ሰዓት ብታዝዙ ወይ "የለም" ትባላላችሁ፣ ወይ የጠዋቱ ናን ሞቅ ተደርጎ ይመጣል። እንደ ጫማ ሶል ይታኘካል።

ቢርያኒም ሰዓት አለው። የደንቡ ቢርያኒ ሩዙና ሥጋው በንብርብር ድስት ውስጥ ገብቶ፣ ክዳኑ ዙሪያውን በሊጥ ታሽጎ፣ በራሱ እንፋሎት ነው የሚበስለው። አንዴ ተሠርቶ ሲያልቅ አለቀ። አንዳንድ ቤት ቅዳሜና እሑድ ብቻ ይሠራል። ማታ በሦስት ሰዓት "አለ" ከተባላችሁ ጠርጥሩ፤ የተጠበሰ ሩዝ ላይ ቁሌት ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። መለየቱ ቀላል ነው። የእውነቱ ቢርያኒ ሩዙ አንድ ቀለም አይደለም፤ ነጭም፣ ቢጫም፣ ቡናማም ፍሬ ተቀላቅሎበታል። ሁሉም ፍሬ አንድ ዓይነት ብርቱካናማ ከሆነ መጥበሻ ላይ ነው የተሠራው።

4. ማዘዝ

ብቻችሁን ከሆናችሁ ታሊ እዘዙና አታስቡ። ታሊ ክብ የብረት ትሪ ነው። ዙሪያውን ትናንሽ ጎድጓዳ ሳህኖች ይደረደራሉ፦ ምስር፣ አንድ ሁለት አትክልት፣ እርጎ፣ አቻር የሚባለው ጎምዛዛና የሚያቃጥል ማባያ፣ አንዳንዴም ጣፋጭ። መሀሉ ላይ ሩዝና ቂጣ። ቤቱ ያን ቀን የሠራው ምግብ ነው የሚመጣላችሁ። በብዙ ቤት ምስሩና ሩዙ ሲያልቅ ይደገማል፤ ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ፤ መልሱ አዎ ከሆነ ቂጣውን ቀስ በሉበት።

ሁለት ሦስት ሆናችሁ ከገባችሁ እንደ እኔና እንደ ጓደኛዬ አትሁኑ። አንድ መረቅ ያለው፣ አንድ ደረቅ፣ አንድ ምስር፤ በቃ። ደረቅ ስል ቁሌት ውስጥ ያልዋኘ ማለቴ ነው። አሉ ጎቢ ድንችና አበባ ጎመን ነው። ቢንዲ ባሚያ ነው። ወይም ከታንዱር የወጣ ዶሮ። ምስር ደግሞ ዳል ይባላል፤ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ።

ዳል የምግብ ቤቱ ፈተና ነው። ሜኑ ላይ ከርካሾቹ አንዱ ነው፤ ስለዚህ ሰነፍ ቤት አይጨነቅበትም። ጎበዝ ቤት ግን እዚያ ላይ ነው የሚታወቀው። ዳል ታድካ የሚባለውን ቢጫውን እዘዙ። ታድካ ማለት በመጨረሻ የሚፈስበት ቅመም ነው። በትንሽ መጥበሻ የነጠረ ቅቤ ይግላል፤ ከሙን ይገባል፣ ይንጣጣል፤ ነጭ ሽንኩርትና ደረቅ በርበሬ ይከተላል፤ ከዚያ እንዳለ ምስሩ ላይ ይገለበጣል። ከማብሰያው "ጭሽሽ" የሚል ድምፅ ከሰማችሁ የእናንተ ነው። ሳህኑ ሲመጣ ላዩ ላይ ወርቃማ ቅቤ ኩሬ ሠርቶ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ዳር ዳሩ ቡኒ ሆኖ ካያችሁት ከዚያ ቤት ሌላም ማዘዝ ይቻላል። ሁሉም ተቀላቅሎ ደብዝዞ ከመጣ ሂሳብ ጠይቁ። ዳል ማካኒ የሚባለው ጥቁሩ ደግሞ ቅቤና ክሬም የገባበት፣ ለሰዓታት ቀስ ብሎ የሚበስል ነው። እሱን በጥድፊያ መሥራት አይቻልም፤ ለዚህም ነው ጥሩ ሲሆን በጣም ጥሩ የሚሆነው።

አይብ ካማራችሁ ፓኒር አለ። ወተት በሎሚ ወይም በኮምጣጤ ተቆራርጦ፣ ተጨምቆ የሚሠራ ነው፤ በእሳት አይቀልጥም። ፓላክ ፓኒር ከስፒናች ጋር ነው፤ በርካሽ ቤት እምብዛም አያሳፍርም።

ቂጣና ሩዝ ላይ ሰው ይሳሳታል። ለሁለት ሰው ሁለት ቂጣና አንድ ሩዝ በቂ ነው፤ ካነሰ ይጨመራል፣ ለዚያውም ትኩስ ይመጣል። ናን ከነጭ ዱቄት፣ እርሾ ወይም እርጎ ገብቶበት ይቦካል። ሮቲ ገለባው ካልወጣለት የስንዴ ዱቄት ነው፣ አይቦካም፣ ርካሽ ነው። ለመረቅ እኔ ሮቲ እመርጣለሁ፤ ናን ሆድ ይሞላና ወጡ ይተርፋል። ፓራታ በቅቤ እየተነባበረ የሚጠበሰው ነው። ፑሪ ዘይት ውስጥ ተነፍቶ የሚወጣው ነው፤ ሲመጣ ኳስ ይመስላል፤ በእንፋሎቱ እንዳትቃጠሉ ቀስ ብላችሁ ብሱት።

የደቡብ ቤት ከሆነ ይሄን ሁሉ ተዉት። ማሳላ ዶሳ እዘዙ። ሩዝና ኡራድ የሚባል ጥራጥሬ ተዘፍዝፎ፣ ተፈጭቶ፣ ሌሊቱን ቦክቶ ያድራል፤ ከዚያ ሰፊ ብረት ምጣድ ላይ ስስ ተደርጎ ይጋገራል። ውስጡ ቢጫ ድንች ይቀመጣል። አጠገቡ ሳምባር የሚባል ቀጭን የምስር መረቅና የኮኮናት ማባያ ይመጣል። ዶሳ ፎቶ አይጠብቅም። አምስት ደቂቃ ከቆየ ይለሰልሳል፤ ጥርስ ላይ ካልተሰባበረ ደግሞ ምን ዶሳ አለ?

አሁን የማይታዘዘውን ልንገራችሁ። ፑንጃብ ከባሕር የራቀ ነውና የፑንጃብ ቤት ውስጥ ሽሪምፕ አታዝዙ። የሚያብለጨልጭ ቀይ ዶሮም ብዙ ጊዜ ቀለም ነው፤ አይጎዳ ይሆናል፣ ግን ጣዕም የለውም። "የቻይና" የሚለውን ገጽ ግን ቶሎ አትዝለሉ። ኮልካታ ከተማ የሚኖሩ ቻይናውያን የጀመሩት፣ ህንድ ውስጥ በጣም የሚወደድ የራሱ የምግብ ዓይነት ነው። ጎቢ ማንቹሪያን የሚባለው የተጠበሰ አበባ ጎመን በሶያ መረቅ የዚሁ ምግብ ዓይነት ነው።

5. ቃጠሎውን አስቀድማችሁ ተደራደሩ

"ሚዲየም" የሚለው ቃል ትርጉም የለውም። ለማን ሚዲየም? ይልቅ "ቃሪያ አልለመድኩም" ወይም "እናንተ የምትበሉትን ያህል አድርገው" በሉ። ሁለተኛውን የምትሉት ግን ከልባችሁ ከሆነ ብቻ ነው። እኔ ለመታየት ብዬ አንዴ ብያለሁ። ቪንዳሉ ነበር። የመጀመሪያው ጉርሻ ዝም አሰኘኝ፤ ሁለተኛው አስለቀሰኝ፤ ሦስተኛውን አልሞከርኩም። የሚገርመው ስሙ ከቃጠሎ ጋር ግንኙነት የለውም። እ.ኤ.አ. ከ1510 እስከ 1961 በህንድ ምዕራብ ባሕር ዳርቻ ያለችውን ጎዋን የያዙት ፖርቹጋሎች በወይን ጠጅና በነጭ ሽንኩርት የሚዘፈዝፉት ሥጋ ነበራቸው፤ ስሙ ከዚያ የመጣ ነው። ቃሪያውንም ከአሜሪካ ምድር ወደ ህንድ ያመጡት እነሱ ናቸው።

ካቃጠላችሁ ውሃ አትጠጡ። አፍ የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ውሃው ቃጠሎውን በአፋችሁ ውስጥ ያዳርሰዋል እንጂ አያጥበውም። ወተት ውስጥ ያለ ፕሮቲን ግን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ራይታ፣ ማለትም ኪያር የተከተፈበት እርጎ፣ አስቀድማችሁ እዘዙ። ወይም ላሲ። ላሲ የተመታ እርጎ ነው፤ ጣፋጩ እንደ ጣፋጭ ምግብ ይቆጠራል፤ ከምግብ ጋር የሚሄደው ጨው ያለበት ነው።

6. የማትበሉት ነገር ካለ በስሙ ጥሩት

"ቬጅ" ማለት በህንድ ምግብ ቤት ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የለበትም ማለት ነው። ወተትና ቅቤ ግን አለበት። ከእንስሳት የሚገኝ ምንም ነገር የማትበሉ ከሆነ "ጊ የለበትም? ክሬምስ? እርጎስ?" ብላችሁ አንድ በአንድ ጠይቁ። ጊ የነጠረ ቅቤ ነው፤ ምስሩ ላይም፣ ናኑ ላይም ይቀባል።

የለውዝ ዘር የማይስማማው ሰው ከነጭና ከክሬም መሰል መረቆች ይጠንቀቅ። ኮርማ ብዙ ጊዜ የተፈጨ ካሹ አለበት፤ በተር ችክንም እንደዚያው። ስንዴ የማይስማማችሁ ደግሞ ስለ ሂንግ ጠይቁ። ሂንግ ምስር ውስጥ የሚገባ ሽታው ኃይለኛ የሆነ ቅመም ነው፤ የሚሸጠው ዱቄት ብዙ ጊዜ ከስንዴ ዱቄት ጋር የተቀላቀለ ነው። ይሄን አስተናጋጁም ላያውቅ ይችላል። ሼፉን እንዲጠይቅላችሁ ላኩት።

7. መብላት

እጅ ታጠቡ፤ መታጠቢያው ብዙ ጊዜ ከጀርባ በኩል ጥግ ላይ ነው። ማንኪያ ብትጠይቁ ማንም አይቆጣም። በእጅ ከበላችሁ ግን በቀኝ። ሮቲውን በአንድ እጅ መቁረስ ልምምድ ይፈልጋል፦ በትንሿና በቀለበት ጣት ትሪው ላይ ያዝ፣ በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት ቦጨቅ። ሩዝ ላይ ደግሞ መረቁን ሁሉ አንዴ አታፍስሱ። ጥግ ይዛችሁ ትንሽ ትንሽ አዋህዱ፤ በጣቶቻችሁ ጫፍ ሰብስቡና በአውራ ጣት ወደ አፍ ግፉት። መዳፍ አይነካካም።

ሩዝ ውስጥ የምታገኙትን ሁሉ አትዋጡ። ሄል፣ ቅርንፉድ፣ የቀረፋ ቁራጭ ለሽታ ነው የገቡት። ጥርስ ላይ ሄል የፈነዳበት ሰው ያውቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ሌላ ጣዕም የለም። ወደ ዳር አድርጓቸው።

8. ሂሳብ

በትንሽ ቤት ሂሳብ ጠረጴዛ ላይ እስኪመጣ ብትጠብቁ ይመሻል። ተነሥታችሁ ባንኮኒው ጋ ክፈሉ። ወረቀቱን እዩት፤ ሩዝ ለብቻው ይታሰባል፣ ሳታዝዙ የመጣው ፓፓድ የሚባለው ስስ ደረቅ ቂጣም አንዳንዴ ይታሰባል። የተረፈ ካለ አስቋጥሩ። ዳልና ቢርያኒ በማግሥቱ ይጥማሉ። ናንና ዶሳ ግን አይሆኑም፤ እዚያው ጨርሷቸው።

ባንኮኒው ላይ ትንሽ ሳህን ታያላችሁ፤ እንስላል ፍሬና ስኳር ድንጋይ ተቀላቅሎበታል። ለአፍ ጠረንና ለሆድ ነው፣ በነፃ ነው። በማንኪያዋ መዳፋችሁ ላይ ጨምሩና ቃሙት። ጣታችሁን ግን ሳህኑ ውስጥ እንዳትከቱ፤ ባለቤቱ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ ቀኑን ሙሉ የሚጠብቀው እሱን ነው።